ኩይሳው ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

ባለቦታው (ሽምብጥ)፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ሐይቁ ዳር በማኅበር በያዝነው ቦታ መሃል ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ አለ። ግማሾቻችን ዛሬውኑ መርዝ ይደፋበት እንላለን፣ ግማሾቹ ይቆይ ይላሉ። አምና ክረምት ምስጥ የበር መቃኔን ጨርሶብኛል። እኔ ይፍረስ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከዘጌ፦ ይፍረስ! ምስጥ መቼ ለሰው በጅቶ ያውቃል? የጉንዳን ዘር ሁሉ ያው ነው።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ምስጥ የበረሮ ዘመድ ነው፤ ጉንዳን ደግሞ የንብና የተርብ። እንዲያውም ጉንዳን ምስጥን አድኖ ይበላል። የሚያመሳስላቸው እርሻ ነው። ከሁለቱም ወገን ፈንገስ አልምተው የሚበሉ አሉ።

ፈንገስ አራሾቹ ጉንዳኖች እኛ ጋ የሉም። 250 ገደማ ዝርያ አላቸው፤ ሁሉም የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት እርሻቸው ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደተጀመረ ያሳያል። ዳይኖሰሮችን የጨረሰው አለት ምድርን የመታበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ተጋረደች፣ ተክል ሞተ፣ ፈንገስ በሙቱ ላይ ተመቸው። ጉንዳኑም ተጠጋው። አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። አዲሷ ንግሥት ከእናቷ ቤት ስትወጣ የፈንገስ ቁራሽ በአፏ ይዛ ትበራለች። እርሾ ይዛ ጎጆ እንደምትወጣ ሙሽራ ማለት ነው።

ምስጡ ግን የኛው አፍሪካዊ ነው። ሁሉም አያርስም፤ እኛ ጋ ትልልቅ ኩይሳ የሚሠሩት ግን አብዛኞቹ አራሾች ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አፍሪካ ጫካ ውስጥ ጀመሩ፣ ከዚያ ወደ እስያ ተሻገሩ። ሰው ማረስ ከጀመረ ገና 12 ሺህ ዓመት ቢሆነው ነው።

ባለቦታው፦ ታሪኩ ደስ ይላል መምህርት። ግን የራሱ እርሻ ካለው የኔን መቃን ምን አስነካው?

መምህርቷ፦ ለእርሻው ነዋ! ደረቅ እንጨት ለብቻው አይበገርለትም። አኝኮ ውጦ ጓዳው ውስጥ ይጥለዋል፣ ፈንገሱ ያብላላለታል። አንዴ የፈረሰ ኩይሳ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ነገር አለ፤ ሲነኩት ፍርክስ ይላል። ላዩ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ እንክብሎች ተበትነዋል። አዝመራው እሱ ነው።

የገበሬ ልጅ፦ አባቴ የኩይሳ አፈር ማሳው ላይ ይበትን ነበር። ክረምት ላይ ከሥሩ የሚወጣውን የጅብ ጥላም እናውቀዋለን። ዝም ብሎ የሚጠላ ነገር አይደለም።

ከዘጌ፦ አሸኑስ? ዝናብ ሲያባራ ሲፈላ መብራት ማብራት አይቻልም። መርዝ ነው መፍትሔው።

መምህርቷ፦ እኔን የሚያስፈራኝ መርዙ ነው። ብዙው ፀረ-ተባይ ዓሣ ይገድላል። ዛሬ የደፋችሁት ነገ በጎርፍ ጣና ይገባል። አምባዛውን የምንበላው እኛው ነን! ቤታችሁን ከኩይሳው ራቅ አድርጉ፣ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርጉት፣ እንጨት አፈር አይንካ።

ባለቦታው፦ የመርዙን ነገር ትቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ስብሰባ ላይም እናገራለሁ። ግን ኩይሳው መሃል ላይ ነው፣ መንገድ የሚያልፈው በሱ ነው። በዶማ ከማፍረስ ሌላ አይታየኝም።

መምህርቷ፦ ንግሥቲቱ ውስጥ ከቀረች መልሰው ይገነቡታል። እሷ ደግሞ ያለችው ጥልቁ ውስጥ ነው። የግድ ካላችሁ ግን ስትቆፍሩ ጥሩኝ፤ ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ።