ከአክሱም ቤቶች ሥር ያለችው አክሱም፦ ነዋሪው ይነሣ?

ጥያቄው፦ የዛሬዋ አክሱም የቆመችው በጥንታዊቷ ላይ ነው። የተቀበረውን ለመቆፈር በሐውልቶቹ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው ይነሡ?

የታሪክ መምህር፦ ይነሡ ባይ ነኝ። የተአካ ማርያም ቤተ መንግሥት የደረሰበትን አንርሳ። በ1906 እ.ኤ.አ. የጀርመን አጥኚዎች መሠረቱን ለክተው ንድፉን አነሡ፤ በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ወጣበትና ፈረሰ። ቢያንስ ንድፉ ተርፎልናል! ጣሊያን የወሰደችው ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮም ሲመለስ አካባቢው በመሣሪያ ተፈተሸ፤ መኪና ማቆሚያው ሥር ሳይቀር የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ታወቀ። ንድፍ እንኳ ባልተነሣለት ነገር ላይ ፎቅ እየሠራን ነው።

የአክሱም ልጅ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ይነሡ» ለእርስዎ አንድ ቃል ነው። እናቴ ከጽዮን ደጅ ርቃ አንድ ሌሊት ማደር አትወድም። ምትክ ቦታው ከተማ ዳር ሲሰጣት ኪዳን ለማድረስ በባጃጅ ትመላለስ? ደግሞስ መቆፈሪያ ጠፋ? ዱንጉር ከሚባለው የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ ፊት ለፊት ያለው የጉዲት ሐውልቶች መስክ እርሻ ነው፤ አብዛኛው አልተነካም።

የታሪክ መምህር፦ እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የተራ ሰዎች መቃብሮች ናቸው። የነገሥታቱ በከተማው ውስጥ ነው።

የአክሱም ልጅ፦ ተራው ሰውማ ዛሬም እንዲነሣ ነው የሚፈለገው።

የቅርስ ጥገና ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ቁፋሮን እንደ ማዳን ቆጠራችሁት። የጡብ ቅስቶች መቃብር በ1974 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ አብዮቱ ሥራውን አቋረጠውና ቁፋሮው የቀጠለው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ሃያ ዓመታት አፈሩ ጠበቀው። አሁን የሚያስጨንቀን የሚገባበት ውኃ ነው። የተከፈተ መቃብር ጣሪያ፣ የውኃ ማስወገጃና ዘበኛ ይፈልጋል፤ አፈር ግን ደመወዝ አይጠይቅም። ስለዚህ ማንም አይነሣ። አዲስ ቤት የሚሠራ ግን መሠረት ከማውጣቱ በፊት ቦታው ይፈተሽለት፤ ወጪውም በባለቤቱ ላይ አይጫን።

የአክሱም ልጅ፦ እኅቴ፣ የመጨረሻዋ ቃልሽ ላይ ቆሜ ልናገር። አጎቴ መሠረት ሲያስቆፍር የተጠረበ ድንጋይ ወጣ፤ ቀጥሎ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ። ጎረቤቱ ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ነገር አግኝቶ አሳውቆ ነበር። «ሥራ አቁም» ተባለ፤ ጉድጓዱ ሁለት ክረምት ውኃ ሲያቁር ከረመ፣ የተበደረው ገንዘብም በወለድ አለቀ። አጎቴ ይህን አይቷል። ሠራተኞቹን ምሳ ጋብዞ በዚያው ቀን አስደፈነው።

የታሪክ መምህር፦ ወንጀል ነው! አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ያሳውቅ ይላል። ላስረከበም ሽልማት ይሰጣል።

የአክሱም ልጅ፦ አዋጁን ለጎረቤቱ ያንብቡለት። ሽልማቱን እየጠበቀ ነው።

የቅርስ ጥገና ባለሙያ፦ መምህር፣ ቁጣዎ ይገባኛል። ነገር ግን ያሳወቀው ከስሮ የደበቀው ቤት ከሠራ፣ ሰፈሩ የሚማረው መደበቅን ነው። እኔ የምፈራው ከቁፋሮው ይልቅ ይህንን ነው። ካሳው ለተነሺ ከሚሆን ሥራው ለቆመበት ሰው ይሁን፤ የሚጠብቀው ጊዜም በወራት ይወሰን።

የታሪክ መምህር፦ በዚህ አልከራከርም። ግን ንገረኝ ልጄ፣ ደረጃው ወዴት ይወርድ ነበር?

የአክሱም ልጅ፦ አጎቴ ሦስት ደረጃ ቆጥሯል። ከዚያ በታች አልወረደም። አሁን በላዩ ሳሎን አለ።