አስ እና ጃክ ይዤ ጣልኩ፤ ፈሪ ነኝ?

ጥያቄ፤ ከበርጩማው

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ፣ ቅዳሜ ማታ ጓደኛሞች ተሰብስበን ፖከር እንጫወታለን። ቴክሳስ ሆልደም ነው። ያለፈው ቅዳሜ ዘጠኝ ነበርን። በነፍስ ወከፍ 200 ብር አዋጣን። አንደኛ 1,000፣ ሁለተኛ 500፣ ሦስተኛ 300 ይወስዳል። አራተኛው ቡናውን ጠጥቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ።

ችፕ (የመጫወቻ ገንዘብ) የለንም። ባቄላ 1,000፣ የቡና ፍሬ 500፣ ሽምብራ 100 ነው። (ሽምብራውን አንዱ እየቆረጠመ ስለጨረሰው ብላይንዱን፣ ማለትም ካርታ ሳይታይ በየተራ በግድ የሚከፈለውን፣ ቶሎ ማሳደግ ግድ ሆነ።) ሁላችንም በ5,000 ጀመርን።

አራት ቀረን። ትንሹ (ስሞል) ብላይንድ 500፣ ትልቁ (ቢግ) ብላይንድ 1,000 ደርሷል። ቢግ ብላይንድ እኔ ነኝ፤ ከፍዬ 13,000 ቀርቶኛል። ስሞል ብላይንድ ላይ ያለው ልጅ ከፍሎ 2,500 ብቻ ቀርቶታል። 10,000 የያዘው ጣለ፣ ካርታውን መልሶ እጁን ተወ። ዲለር (የካርታ አዳይ) ቦታ ላይ ያለው ደግሞ 18,000 አለው። ክንዱን ዘርግቶ ባቄላውን በሙሉ ጠርጎ መሃል ላይ ገፋው። ኦል ኢን! አንዷ ባቄላ ተንከባላ በርጩማዬ ሥር ገባች። ጎንበስ ብዬ ስፈልጋት ትንሹ ልጅ ጣለ፤ ተራው የኔ ሆነ። ካርታዬን ጠርዙን ቀና አድርጌ አየሁ። አስ እና ጃክ፣ ምልክታቸው የተለያየ።

ብዙ አሰብኩና ጣልኩ። እሱ ኪንግ እና ሰባት ገልጦ አሳየን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ስሜ "አስ ጣይ" ሆኗል። በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣሁ። እውነቱን ንገሩኝ፣ ተሳስቻለሁ?

መልስ፤ ከአጋሮው ልጅ

ወንድሜ፣ ወላሂ ተሳስተሃል። አራት ሰው ሲቀር አስ እና ጃክ ትልቅ እጅ ነው። መሃል ያለውን ቁጠረው። የሱ 14,000 ካንተ ጋር ይመጣጠናል፣ ያንተ 1,000 እና የልጁ 500 ይጨመራል። 15,500 ለመውሰድ 13,000 ነው የምታወጣው። ከ100 ጊዜ 46 ጊዜ ብታሸንፍ ያዋጣሃል። በኪንግ ሰባት ላይ አንተ ወደ 64 ጊዜ ታሸንፋለህ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

መልስ፤ ከሒሳብ ወዳጅ

የአጋሮው፣ ስሌትህ ለባቄላው ልክ ነው። ለብሩ ግን አይሆንም። ሽልማቱ በሙሉ ለአንደኛ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ሳያሽ መቀበል (እኩል አስይዞ መግጠም) ነበረበት። እዚህ ግን ሦስት ሰው ይሸለማል፣ ባቄላም በመጨረሻ አይመነዘርም።

አይሲኤም የሚባል ስሌት አለ። አንደኛ የመውጣት ዕድልህ ከጠቅላላው ችፕ ባለህ ድርሻ ልክ ነው ይላል። 13,000 ከ45,000 ወደ 29 በመቶ ነው። አንደኛው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለተኛነቱ በቀሩት መካከል በዚያው መንገድ ይሰላል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ያንተን በእስክሪብቶ ሠራሁት፣ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ።

ከጣልክ፣ የያዝከው 13,000 በአማካይ 538 ብር ያወጣል።
ተቀብለህ ካሸነፍክ፣ 28,500 ይኖርሃል፤ ይህ 796 ብር ያወጣል።
ተቀብለህ ከተሸነፍክ፣ አራተኛ ነህ። ዜሮ።

ባቄላህ ከእጥፍ በላይ ያድጋል፣ ብሩ ግን በግማሽ እንኳን አይጨምርም። 258 ለማግኘት 538 ታስይዛለህ። ስለዚህ የሚያስፈልግህ 46 ሳይሆን 68 ጊዜ ማሸነፍ ነው። ሰውዬው ካርታውን ገልጦ ኪንግ ሰባቱን እያሳየህ ቢገፋ እንኳን መጣሉ ይሻል ነበር! 64 ጊዜ ብታሸንፍ በአማካይ 510 ብር ነው የምታገኘው። ሳይነካ የሚቀመጥልህ 538 ነው።

መልስ፤ ከሰሚራ

እኔ ደግሞ ማንም ያልጠቀሰውን ልጁን ነው ያየሁት፣ ባለ 2,500ውን። ተራውን ቁጠሩት እስቲ። በሚቀጥለው እጅ በርጩማው ስሞል ብላይንድ ይሆናል፣ 500 ይከፍላል። በዚያኛው ምንም አይከፍልም። በሦስተኛው እጅ ቢግ ብላይንዱ ልጁ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ 1,500 ቢቀረው ነው። ማለትም በርጩማው በ500 ብቻ ቁጭ ብሎ የሰው መውጣት ማየት ይችላል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ጠረጴዛው ላይ እያለ ከትልቁ ጋር ምን አጋጨው?

ገፊውም ይህንን አውቋል ባይ ነኝ። ቢሸነፍ 4,000 ይተርፈዋል፤ በርጩማው ቢሸነፍ ግን ጫማውን ያደርጋል። ስለዚህ በኪንግ ሰባት መግፋቱ እብደት አይደለም። እናንተ የሳቃችሁት በተሳሳተው ሰው ነው።

ግን ሒሳብ ወዳጅ፣ ጥንድ አሥር ቢይዝስ?

መልስ፤ ከሒሳብ ወዳጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ሰውዬው ያገኘውን ሁሉ የሚገፋ ከሆነ ጥንድ አሥር ከ100 ወደ 75 ጊዜ ያሸንፋል፣ ተቀበል። ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚገፋ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል። አስ እና ኪንግ ቢይዝ ጥንድ አሥር ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ስለዚህ ከካርታህ በፊት ሰውዬውን እወቀው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ይህ ስሌት ማን ጎበዝ እንደሆነ፣ ብላይንዱም ነገ ማንን እንደሚበላ አያይም። ሚዛን ነው፣ ዳኛ አይደለም።

መልስ፤ ከጋሽ ጡረታ

ልጄ፣ መጣልህን ተወው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። 538 ብር የሚያወጣ ይዘህ እንዴት በ300 ወጣህ? ልጁ ከወጣ በኋላ ምን ሠራህ?

ጠያቂው፤ በርጩማው

ጋሼ፣ እርስዎ ያዙኝ። ልጁ ልክ ሰሚራ እንዳለችው በሦስተኛው እጅ ወጣ። እኔ ግን ሦስተኛነቴን ካገኘሁ በኋላም ያው ሆኜ ቀረሁ። ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣም፣ ዳግም እንዳልሳሳት ብዬ አስ ካልመጣ አልገፋም አልኩ። ብላይንዱ እየላሰ እየላሰ አምስት ባቄላ አደረሰኝ። በመጨረሻ በስምንት እና በሦስት ገፍቼ ወጣሁ።

መልስ፤ ከጋሽ ጡረታ

በቃ፣ ጥፋትህ እዚያ ነው። 300ው አንዴ ከተረጋገጠ ወዲያ የሚያስፈራህ የለም። ከ300 ወደ 1,000 ለመውጣት ነበር የምትጫወተው። አስ እና ጃኩን የጣልከው ባቄላህን ለዚያ ሰዓት ለማቆየት ነው፤ አንተ ግን አቆይተህ አቆይተህ ለብላይንድ አበላኸው። ሦስት ስትቀሩ፣ ቁልልህ አሥር ብላይንድ ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚገፋው አንተ ሁን። ያን ጊዜ የሚያስበው ሌላው ይሆናል።

መልስ፤ ከአጋሮው ልጅ

እሺ፣ ተረታሁ። 64 ይዤ ስጮህ 68 ነው የተባለው። ቅዳሜ እኔም ልምጣ?

ጠያቂው፤ በርጩማው

ና። ሽምብራ ግን ይዘህ ና፤ ያልተቆላ ይሁን።