ለተማሪዎቼ ገንዘብ ማሰባሰብ አቅቶኛል፤ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖቼ። አንድ የወረዳ ከተማ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆችን አስተምራለሁ። 19 ናቸው። አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። አንዷ መጀመሪያ ስትመጣ የራሷን ስም እንኳ አታውቅም ነበር። የምልክት ቋንቋ የሚችል ቤተሰብ ከየት ይምጣ? አሁን ስሟን በጣቶቿ ፊደል በፊደል ታሳያለች፤ ደግማ ደጋግማ፣ እስክታሰለቸኝ።

ዘንድሮ ሁለቱ ኪራይ አቅቷቸው ከብት ጥበቃ ተመለሱ። ለቤት ኪራይና ለቁርስ የሚሆን ገንዘብ ላሰባስብ ብዬ ተነሳሁ። ግን የራሴን የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር ብለጥፍ ማን ያምነኛል? እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የማላውቀው ሰው ቢለጥፍ አላምንም። የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያው ጎፈንድሚም ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይልክም። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በስሟ እንድትከፍትልኝ ብለምናት ታክሱን ፈራች። የልጆቹን ፎቶ ደግሞ መለጠፍ አልፈልግም፤ ነገ አድገው ያዩታል።

በወላጅ ኮሚቴ ስም፣ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ የከፈታችሁ አላችሁ? ባንኩ ከማን ደብዳቤ ጠየቃችሁ? ውጭ ያላችሁስ፣ ያለ ፎቶ ምን ማስረጃ ብታዩ ትልካላችሁ?