ከቆዩት የኒንቴንዶ የእንቆቅልሽ ጨዋታዎች የትኛው ይሻላል? የእኔ ጥቆማ «ዋሪዮስ ዉድስ» ነው

ከመጀመሪያው የኒንቴንዶ ማሽን የእንቆቅልሽ ጨዋታዎች አንዱን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ብዙዎች «ዶክተር ማሪዮ»ን ያስቀድማሉ። ለትንሽ ልጅ ወይም ጨዋታ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ከሆነ እኔም እስማማለሁ። በ1990 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ይህ ጨዋታ ደንቡ ወዲያው ይገባል፦ ባለ ሁለት ክፍል ባለ ቀለም እንክብል ይወርዳል፤ ከቫይረሱ ጋር አራት ተመሳሳይ ቀለም ሲሰለፍ ቫይረሱ ይጠፋል። ሌላውን የዚያው ማሽን የእንቆቅልሽ ጨዋታ «ዮሺ»ን ግን እለፉት፤ ቶሎ ይሰለቻል።

ከዚያ አልፎ ለሚሄድ ሰው «ዋሪዮስ ዉድስ»ን የሚያህል የለም። በሌሎቹ ጨዋታዎች የሚወርደውን ነገር ከውጭ ሆነን እናዞራለን፤ እዚህ ግን ቶድ የተባለው ትንሹ ገጸ ባሕርይ ራሱ በወረዱት ጭራቆችና ቦምቦች ክምር መካከል ይሮጣል። በጭራቆቹ ላይ ይወጣል፣ አንዱን ብቻ ያነሣል፣ ሲፈልግ የተደረደሩትን በሙሉ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለት ጭራቆችና አንድ ቦምብ በአግድም፣ በቁም ወይም በሰያፍ ሲገጥሙ ይጠፋሉ። ቶድን የምትረዳው ዋንዳ ባለችበት ጊዜ ቦምብ ይወርዳል፤ ጊዜዋ አልቆ ባላጋራው ዋሪዮ ሲመጣ ጭራቅ ይጎርፋል። ስለዚህ ዋሪዮ ሲመጣ ጭራቆቹን በየቀለማቸው ደርድሩ፤ ቦምቡ ሲመለስ ሥራው ግማሽ ያለቀ ይሆናል። እየቆየ በሰያፍ ካልሆነ የማይጠፋ፣ ሁለት ጊዜ መመታት የሚፈልግም ጭራቅ ይመጣል። እጅም አእምሮም እኩል የሚሠሩበት እንዲህ ያለ የእንቆቅልሽ ጨዋታ እምብዛም አይገኝም።

ታዲያ ለምን በሰፊው አልታወቀም? ጊዜው ነው። አሜሪካ የደረሰው በታኅሣሥ 1994 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ማሽኑ እዚያ ገበያ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ተተኪው ሱፐር ኒንቴንዶ ከወጣም ሦስት ዓመት አልፏል፤ በዚያው ወር መጀመሪያ ደግሞ የተፎካካሪው ሶኒ ማሽን ፕሌይስቴሽን በጃፓን ለሽያጭ ቀርቧል። በሰሜን አሜሪካ በይፋ ፈቃድ ለዚያ አሮጌ ማሽን የወጣ የመጨረሻው ጨዋታ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አዲሶቹ ባዞረበት ወቅት እንዲህ የተደከመበት ሥራ ተሸፍኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የሱፐር ኒንቴንዶ ቅጂም አለው። ሥዕሉ ይበልጥ ያምራል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር መጋጠምም ይቻላል። ማሽኑና ካሴቱ በእጃችሁ ካለ፣ በተለይ ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ፣ እርሱን ምረጡ። ከሌላችሁ ግን ለአሮጌ ካሴት ገንዘብ አታውጡ። ስዊች የተባለው የኒንቴንዶ ማሽን ያለው ሰው በአሜሪካ በዓመት 19.99 ዶላር በሚከፈልበት መሠረታዊው የኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን አገልግሎት የመጀመሪያውን ቅጂ ያገኛል። «ዶክተር ማሪዮ»ም እዚያው ስላለ ሁለቱን በአንድ ክፍያ ማወዳደር ይቻላል። አብሮ የሚጫወት ሰው ካለ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሁለት ሰው ግጥሚያው ግቡ።