በሞምባሳ ፎርት ጂሰስ የቆሙት ሁለት መድፎች ታሪካቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከናይሮቢ
በቅርቡ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ሞምባሳ ወርደን ፎርት ጂሰስ የተባለውን ጥንታዊ ምሽግ ስንጎበኝ ከሁለት አሮጌ መድፎች ፊት ቆምን። አንደኛው «ኮኒግስበርግ» ከተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ የተወሰደ መሆኑን ሰማን። ልጄ «የመርከብ መድፍ እንዴት በየብስ ተዋጋ? ሌላውስ ለምን አጠገቡ ቆመ?» ብሎ ሲጠይቀኝ በቂ መልስ ስላልነበረኝ፣ ታሪኩን የምታውቁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የባሕር ታሪክ አንባቢ
ሁለቱ መድፎች እርስ በርስ የተዋጉ መርከቦች ቅሪት ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮኒግስበርግ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1914 እ.ኤ.አ. በዛንዚባር ወደብ ለጥገና የቆመችውን የእንግሊዝ መርከብ ፔጋሰስን ድንገት መትታ አሰጠመቻት። ከዚያም ዛሬ ታንዛኒያ በሚባለው አገር በሩፊጂ ወንዝ ደልታ ተሸሽጋ ለወራት ከተከበበች በኋላ፣ ጁላይ 11 ቀን 1915 እርሷም በተራዋ ሰጠመች። ውኃው ጥልቅ ስላልነበረ ጀርመኖች አሥሩንም ባለ 105 ሚሊ ሜትር መድፎች አውጥተው ዳሬሰላም ወሰዷቸው፤ በዚያም በባቡር ጥገና ጣቢያ ጎማ ያለው ሰረገላ ተሠራላቸው። ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት የነበረው ይህ አገር በባሕር ተዘግቶበት ስለነበር ከባድ መድፍ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነበርና፣ የሰመጠችው መርከብ ለየብሱ ጦር ትልቅ ሲሳይ ሆነች። እንግሊዞችም ከፔጋሰስ መድፎች የተወሰኑትን አውጥተው በዚያው ጦርነት ተጠቅመውባቸዋል። ሌላ የኮኒግስበርግ መድፍ በፕሪቶሪያ፣ በዩኒየን ሕንፃዎች ግቢ ቆሞ ይታያል።

መልስ፦ የታሪክ መምህር
ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ልጅዎ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ መድፉን ማን ጎተተው? በዚያ አገር ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሬውንም ፈረሱንም ስለሚፈጅ፣ አፈሙዙ ብቻ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ብረት ረግረግ ለረግረግና ተራራ ለተራራ የጎተቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ነበሩ። በሁለቱም ወገን በግዴታ የተመለመሉ ተሸካሚዎች በረኃብ፣ በተቅማጥና በወባ በአሥር ሺዎች አልቀዋል። የናይሮቢው ካሪያኮር ገበያና የዳሬሰላሙ ካሪያኮ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት «ካሪየር ኮር» ከተባለው የእንግሊዝ የተሸካሚዎች ጓድ ነው። በናይሮቢ ኬንያታ ጎዳና ካሉት ሦስት የነሐስ ምስሎችም አንዱ ተሸካሚ ነው። እኔ በበኩሌ፣ የመርከቦቹን ስም ብቻ የሚያስታውስ ጎብኚ የመድፉን ታሪክ ግማሹን እንኳ አልሰማም እላለሁ።

መልስ፦ ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካሪያኮር ገበያ ዘወትር የምንሸምትበት ቦታ ሆኖ ሳለ የስሙን ምንጭ አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን በኬንያታ ጎዳና አሳልፌ ምስሉን ካሳየሁት በኋላ ወደ ገበያው እወስደዋለሁ።