ድምፅ የሚቀዳውን ካሜራ እንዴት ላስዘጋው?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አሠሪዬ ለሌባ መከላከያ ብለው የሰቀሉት ካሜራ ድምፅም ስለሚቀዳ፣ ሴቶች ልካቸውን እያስለኩ ስለ ትዳራቸውና ስለ ሕመማቸው የሚጨዋወቱት ሁሉ ሳያውቁት በአሠሪዬ ስልክ ይደመጣል። በቅርቡ አንዲት ደንበኛ ለእህቷ በሹክሹክታ የነገረቻትን የእርግዝና ጉዳይ አሠሪዬ ለሌላ ሰው ሲያወሩት ሰምቼ እጅግ አዘንኩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን እንደሚያስከብር፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም እንደወጣ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ እንደ አባት የማከብራቸውን ሰው ሳላስቀይምና እንጀራዬን ሳላጣ ይህን እንዴት እንደማስረዳቸው ቸግሮኛል። ምስሉ እየተቀዳ ድምፁን ብቻ መዝጋት ይቻል እንደሆነ፣ ለደንበኞቹስ መንገር የእኔ ግዴታ እንደሆነ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።