የባልሳ ክንፍ ፊልም ሲለጠፍበት ለምን ይነፋል? እንጨቱስ እንዴት ይዘጋጃል?

ቀላል ክንፍ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራው የ1.5 ሜትር ሞዴል መለማመጃ አውሮፕላን ክንፍ ነው፤ እንጨቱ ባልሳ የሚባለው በጣም ቀላልና ለስላሳ እንጨት ነው። የፊት ክፍሉ ከላይም ከታችም እስከ ስፓሩ (ክንፉን በርዝመቱ የሚሸከመው ዘንግ) ድረስ 1.5 ሚሜ ባልሳ ለብሷል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሪቦቹ (ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት የክንፉን ቅርጽ የሚሰጡ ስስ እንጨቶች) ክፍት ናቸው። ኦራከቨር ፊልም (በሙቀት የሚጣበቅና የሚሰበሰብ ባለ ሙጫ ፕላስቲክ ሽፋን) በቤት ካውያ ተለጥፎበት ሦስት ችግር አመጣ። ባልሳ የለበሰው ቦታ ላይ ሽንብራ የሚያካክሉ አረፋዎች ወጡ፤ ካውያው በተደገመ ቁጥር ይብሳሉ። ሁለቱ የባልሳ ጣውላዎች የተገጠሙበት መስመር በፊልሙ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኋላ ጠርዙ ላይ ደግሞ ፊልሙ ሲላጥ ነጭ ዱቄት ይዞ ይነሣል።

ፊልሙን አንሥቼ እንደገና ልጀምር ነው። እጄ ላይ ያለው 120 እና 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የግድግዳ ስቱኮ፣ ሱፐር ግሉ እና ካውያው ነው። ምን ጎደለኝ? ስንት ቁጥር ላይ ላቁም? እንጨቱንስ ቫርኒሽ ልቀባው?

መላጊያ (ደብረ ሲና)

ከነጩ ዱቄት እንጀምር፤ እሱ ስቱኮህ ነው። የፊልሙ ሙጫ ስቱኮውን በደንብ ይይዛል፣ ስቱኮው ግን ባልሳውን አልያዘም፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይነሣሉ። የመኪና ስቱኮም አይሆንህም። ከባልሳው በጣም ስለሚጠነክር ስታሸው ዙሪያው ያለው እንጨት ይበላና እሱ ጉብ ብሎ ይቀራል። የሚያዋጣው በውሃ የሚለወስ ቀላል የእንጨት መሙያ ነው፤ እሱም በስሱ። ከ1 ሚሜ የሚሰፋ ክፍተት በመሙያ አይደፈንም፣ የባልሳ ስንጥር ቆርጠህ አስገባበት። ጥፍር ወይም መሣሪያ የጎደጎደው ቦታ ጨርሶ መሙያ አያስፈልገውም። አንድ ጠብታ ውሃ አድርግበት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገህበት በካውያው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው። የተጨፈለቀው እንጨት ራሱ ተመልሶ ያብጣል።

መስመሩን ያመጣው ሱፐር ግሉ ነው። ሲደርቅ ከባልሳ በጣም ይጠነክራል፤ ወረቀቱን በጣትህ ይዘህ ካሸኸው ጣትህ ግራና ቀኙን እንጨት ይበላና ሙጫው እንደ ክር ከፍ ብሎ ይቀራል። መድኃኒቱ ጠንካራ መያዣ ነው። አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆች ጋ ሄደህ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ. የሚሆን ቁራጭ ፕሮፋይል ጠይቅ፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከእንጨት ቁራጭ ይሻላል። የብርጭቆ ወረቀቱን በሁለት ፊት በሚለጠፍ ስኮች ለጥፍበት። ከዚያ በመገጣጠሚያው ላይ በየ2 ሳ.ሜ. በእርሳስ ስስ መስመር አቋርጠህ አስምርና ሳትጫን እሸው። እርሳሱ ግራና ቀኝ ጠፍቶ መሃሉ ላይ ከቀረ መገጣጠሚያው ጎድጓዳ ነው። መሃሉ ብቻ ቀድሞ ከጠፋ ጉብ ብሏል፣ ገና ይቀርሃል። ሁሉም እኩል ሲጠፋ አቁም።

ነጭ ኮላ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሲታሽ እንደ ማስቲካ ይጠቀለላል፣ የካውያ ሙቀት ሲያገኘውም ይለሰልሳል። ከጎን የፈሰሰውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ቁጥሩን በተመለከተ 120 ቅርጽ ለማውጣት ብቻ ነው። ቀጥሎ 240፣ ማጠናቀቂያው 400። ሁልጊዜ በእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር አቅጣጫ ሂድ፤ አግድም የሄደ የ120 ጭረት በሚያበራ ፊልም ሥር ይታያል። 1.5 ሚሜ የሆነው ልብስ ላይ ሪቦቹ ያሉበትን ቦታ አትጫን። ሪቡ ከሥር ስለሚደግፈው እዚያ ብቻ ይሳሳል፤ በሪቦቹ መካከል ያለው ግን ወረቀቱ ሲመጣ ረገብ ብሎ ያልፋል።

ማታ ክፍሉን አጨልመህ የስልክህን መብራት ከጎን ዝቅ አድርገህ አብራበት። ቀን ፍጹም የመሰለህ ክንፍ ጉድለቱን ያኔ ያወጣዋል።

ቫርኒሽ አትቀባ። ቀዳዳውን ይደፍንብሃል፣ ክብደት ይጨምርብሃል፣ አረፋውንም ያባብሰዋል። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ከሆነ ግን ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳና ታንኩ የሚቀመጥበት ክፍል ስስ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ይቀባ፤ ዘይት የጠጣ ባልሳ ላይ ምንም አይጣበቅም።

ቆላ በራሪ (ሸዋሮቢት)

መላጊያ ስለ እንጨቱ ያለው ልክ ነው፤ 400 ላይ ግን አልስማማም። ለግልጽ ፊልም እሺ፣ ለተራ ባለቀለም ፊልም ጥሩ 240 ይበቃል፤ 400ው የሚጨምርልህ ዱቄት ነው።

አረፋው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚነፋው በእንጨቱ ውስጥ ያለ አየርና እርጥበት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ካውያህ ከዚያ በላይ ነው፣ ስለዚህ እንጨቱ ውስጥ ያለች እርጥበት ሁሉ እንፋሎት ትሆናለች። እንጨቱን በክረምት ከሠራህ ወይም መሙያው ገና ካልደረቀ ካውያው በተደገመ ቁጥር አረፋው የሚብሰው ለዚህ ነው።

መድረቁን በእጅ ዳብሰህ አታውቀውም፤ መዝነው። በ1 ግራም የሚቆጥር የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ማታ መዝን፣ ጠዋት መዝን፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ሲደርቅ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አስረህ አስቀምጠው። ፀሐይ ላይ በአንድ ጎኑ ካሰጣኸው ይጣመማል። ማድ ቤትም አታስገባው፤ የኩበት ጭስና የወጥ ቅባት ባልሳው ላይ ካረፈ ፊልሙ አይይዝም።

ከዚያ ለአየሩ መውጫ ስጠው። ባልሳ የለበሰውን ቦታ በቀጭን ስፒል በየ2 ወይም 3 ሳ.ሜ. እስከ ክንፉ ባዶ ሆድ ድረስ ውጋው። አየሩ ፊልሙን ከሚነፋ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሪቦቹም እርስ በርስ የሚተነፍሱበት ከ2 እስከ 3 ሚሜ ቀዳዳ ይኑራቸው፣ መጨረሻው ሪብ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ አንድ። ይህን የምትዘልለው ከሆነ እዚህ ሸዋሮቢት የተለጠፈ ክንፍ የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ እንደ ትራስ ይነፋል፤ ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት ወደ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከላይ ወደ ታች ስትመጣ ደግሞ ይሰረጉዳል።

አቧራውን በተመለከተ፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ ካለህ ቫኪዩም፣ መጨረሻ ላይ አልኮል በትንሹ የነካው የጥጥ ጨርቅ። 70 በመቶ የሆነው አልኮል ውስጡ ውሃ ስላለ የእንጨቱን ፀጉር ያቆመዋል፣ ከፍ ያለውን ፈልግ። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር አታስነፋው። ከአየሩ ጋር ዘይትና ውሃ ይወጣል።

ቀላል ክንፍ (ደብረ ብርሃን)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሪቦቹ ምንም ቀዳዳ የላቸውም፤ ነገሩ እሱ ነው መሰለኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቴርሞሜትር የለኝም፣ ካውያው ላይ ያሉት ነጥቦች ብቻ ናቸው። የድሮው ፊልም ከተነሣ በኋላ እንጨቱ ላይ የቀረው ሙጫስ ይፋቅ?

መላጊያ (ደብረ ሲና)

ሙጫውን አትፋቀው። ወረቀትህን ይደፍነዋል እንጂ አይወጣም፤ ንጹሕ ከሆነ አዲሱን ፊልም እንዲያውም ያግዘዋል። ፊልሙን ስታነሣ ግን ወደ ላይ አትጎትት። በካውያ ሞቅ እያደረግህ ወደ ኋላ አጥፈህ፣ እንጨቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዝቅ አድርገህ ሳበው። ቀጥ አድርገህ ከሳብከው የባልሳውን ቆዳ ይዞ ይመጣል።

ካውያው ላይ አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ እስከ 150፣ ሦስት ነጥብ እስከ 200 ማለት ነው። ኦራከቨር 100 ገደማ ላይ ይጣበቃል፣ የሚሰበሰበው 150 አካባቢ ነው። ሞኖኮት የሚባለው ሌላው ፊልም ቢሆን ወደ 135 እና 175 ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንተ ለመለጠፍ አንድ ነጥብ፣ ለመወጠር ሁለት ነጥብ። የቤት ካውያ ሙቀቱ ወጣ ገባ ስለሚል በመጀመሪያ ቁራጭ ባልሳ ላይ ሞክር፤ ፊልሙ ሳይሸበሸብ ተጣብቆ ሲሳብ የእንጨት ጭረት ይዞ ከተነሣ ልኩ እሱ ነው። እንፋሎቱን ዝጋ፣ ውሃውን ድፋ፣ ከሥሩ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት እሰርበት።

ባልሳ በለበሰው ላይ ከመሃል ጀምረህ ወደ ጠርዝ እየገፋህ መጀመሪያ በአንድ ነጥብ ሙሉውን አጣብቅ። በሌላ እጅህ ቀዝቃዛ የጥጥ ጨርቅ ይዘህ ካውያው እንዳለፈ ተጭነህ ተከተለው፤ ሙጫው ተጭኖ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። ክፍት ሪቦቹ ላይ ዙሪያውን ብቻ ያዝ፣ ወደ ሁለት ነጥብ የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የታችኛውን ፊት መጀመሪያ፣ የላይኛውን ቀጥሎ፤ መደራረቢያው 5 ሚሜ ይበቃል። ፊልም በፊልም ላይ ሲሆን አየሩ መሸሻ ስለሌለው ሰፊ መደራረቢያ ሁልጊዜ ይነፋል።

ቆላ በራሪ (ሸዋሮቢት)

አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚንቀሳቀሰው መቆጣጠሪያ) ማጠፊያ ቀዳዳዎችን ከፊልሙ በፊት ቁረጥ፣ ማጠፊያውንም ያለ ሙጫ አስገብተህ ሞክረው። ፊልም ከለበሰ በኋላ መሃሉን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ምላጩም ጠርዙን ይቀደዋል።

መሙያውንም ቆጥብ። አንተ ጋ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ያው አውሮፕላን እንዳይወድቅ የሚያስፈልገው ፍጥነት 15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የአንተ ዓይነት ክንፍ ከላይና ከታች ሲለብስ ፊልሙ ብቻ 50 ግራም ገደማ ነው። መሙያ ከመቀባትህ በፊትና ካሸኸው በኋላ መዝነው፤ ልዩነቱ ከ5 ግራም ካለፈ ገና ይታሻል።